ውሃው ያው፣ ቦዩ ብዙ፦ የሰርቨር ፓርቲሽን ልክ ሳወጣ የደረሰብኝ

ሰኔ 23 ቀን 2008 ዓ.ም. ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ላይ፣ በአዲስ አበባ በሚገኝ የአንድ ባንክ ዳታ ማዕከል ውስጥ ካፖርት ደርቤ ቆሜ ነበር። የባንኩ በጀት ዓመት የመጨረሻ ሌሊት ነው። የቀን መዝጊያው ሥራ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተጀምሯል። በአዘቦት ቀን 6 ሰዓት ላይ ያልቃል፤ በቀደመው ዓመት የሰኔ መዝጊያ እንኳ 8 ሰዓት ላይ አብቅቶ ነበር። አሁን ግን ገና ሁለት ሦስተኛው ላይ ተንጠልጥሏል። ቅርንጫፎች ጠዋት 2 ሰዓት ላይ በር ይከፍታሉ። የማታ ፈረቃው ኃላፊ በየሩብ ሰዓቱ ብቅ እያሉ «ልጄ፣ እንዴት ሆነልህ?» ይሉኛል። እኔም «እየሄደ ነው» እላለሁ። ይድህ ነበር እንጂ አይሄድም ነበር።

ያስጨነቀኝ መዘግየቱ ብቻ አልነበረም። ከአሥር ቀን በፊት «ለሰኔ መዝጊያ አቅም ይጨመርለት» ብዬ የዳታቤዙን ፓርቲሽን (ከአንድ ትልቅ ሰርቨር ተቆርጦ እንደ ራሱን የቻለ ሰርቨር የሚሠራውን ክፍል) ያስተካከልሁት እኔው ነኝ። ቨርቹዋል ፕሮሰሰሩን (ፓርቲሽኑ እንደ ራሱ ፕሮሰሰር የሚያየውን) ከ12 ወደ 16 አሳድጌ፣ ለአለቃዬም በኩራት ሪፖርት አድርጌአለሁ።

ከዚያ ሌሊት በኋላ የተማርሁትን ለመጻፍ ብዙ ጊዜ አስቤ ነበር። በአይቢኤም ፓወር ሰርቨርና በላዩ በሚሮጠው በኤአይኤክስ ስርዓተ ክወና ላይ የሚሠሩ ወጣት ባልደረቦች ተመሳሳይ ጥያቄ ይዘው ሲመጡ አያለሁ፦ «ለዚህ ፓርቲሽን ስንት ኮር፣ ስንት ሜሞሪ ልስጠው?» ሠንጠረዥ ስጠኝ የሚሉ ይመስላሉ። ሠንጠረዥ የለኝም። ያለኝ ይህ ታሪክ ነው።

ማሽናችን የአይቢኤም ፓወር 7 ትውልድ ነበር፤ 16 ኮር (ሥራውን በእውነት የሚያሰላው የፕሮሰሰር ክፍል) እና 256 ጊጋባይት ሜሞሪ ነበረው። በላዩ ላይ ሰባት ፓርቲሽን ተቆርጦበታል፦ ዲስክና ኔትወርኩን የሚያገለግሉ ሁለት ቪአይኦ ሰርቨሮች፣ አንድ ዳታቤዝ፣ ሁለት አፕሊኬሽን፣ አንድ ሪፖርት፣ አንድ ደግሞ ለሙከራ። ሁሉም ኮሮቹን ከአንድ የጋራ ቋት ይቀዳሉ፤ አከፋፋዩ ደግሞ ሃይፐርቫይዘሩ የሚባለው የማሽኑ ሶፍትዌር ነው። ዳታቤዙ የተፈጠረው መጀመሪያ፣ ባንኩ ገና ትንሽ ሳለ ስለነበር የተሰጠው የተረጋገጠ ድርሻ 2.0 ኮር ብቻ ነው። ኋላ የመጡት ሪፖርትና ሙከራ እያንዳንዳቸው 3.0፣ አፕሊኬሽኖቹም እንዲሁ 3.0፣ ቪአይኦዎቹ 0.5። አንድ ላይ 15። ነገሩ እንግዲህ እንደ ውርስ መሬት ነበር፤ ታላቁ ልጅ ጠባቧን ቁራሽ ይዞ ሳለ ታናናሾቹ ሰፊ ሰፊውን ወስደዋል። ማንም ተቀምጦ አላሰበበትም።

ይህ ሁሉ ለዓመታት ችግር አልፈጠረም። ፓርቲሽኖቹ ጣሪያ የሌላቸው፣ በእንግሊዝኛው አጠራር «አንካፕድ» ስለነበሩ፣ ዳታቤዙ ከ2.0 በላይ ሲያስፈልገው ሌሎቹ ያልተጠቀሙበትን ይበደር ነበር። ቀን ላይ በአማካይ ከ3 ኮር በላይ ይወስዳል። ከድርሻው አንድ ተኩል እጥፍ ማለት ነው። የአጠቃቀም መከታተያው ላይ 150፣ 180 በመቶ የሚል ቁጥር እያየን «ጎበዝ ማሽን!» እንል ነበር። ብድር ላይ እየኖርን እንደሆነ ያስተዋለ አልነበረም።

ወደዚያ ሌሊት ልመለስ። 10 ሰዓት ከ45 ላይ «ኤልፓርስታት» የሚለውን ትእዛዝ በየአምስት ሰከንዱ እያስሮጥሁ ቁጥሮቹን አፍጥጬ አያለሁ። ፓርቲሽኑ በትክክል የወሰደውን ኮር የሚያሳየው «ፊዝሲ» የተባለው ዓምድ 3.7፣ 3.8፣ 3.6 ይላል። 16 ቨርቹዋል ፕሮሰሰር ያለው፣ ሥራ ተከምሮበት የሚያቃስት ፓርቲሽን ለምን 4 እንኳ አይሞላም? በሌላ መስኮት የሙከራውን ፓርቲሽን ከፈትሁ። እሱ ደግሞ 5 ኮር ሊነካ ምንም አልቀረውም። አንድ ባልደረባችን የትናንቱን ዳታ ወደ ሙከራው መልሶ ጭኖ፣ አዲስ የወለድ ስሌት በሌሊት ያስሮጣል። ስልክ ደወልሁለት፤ ከእንቅልፉ ተነሣ።

«የእኔ ሥራ እኮ በሌላ ፓርቲሽን ላይ ነው፤ ከእናንተ ጋር አይገናኝም» አለኝ። እውነቱን ለመናገር እኔም እስከዚያች ደቂቃ ድረስ እንደዚያ ነበር የማምነው። ለማንኛውም አቁምልኝ ብዬ ለመንሁት። ባቆመ በሁለት ደቂቃ ውስጥ የዳታቤዙ ፊዝሲ 5.4 ገባ። የተንጠለጠለው ቁጥር መንቀሳቀስ ጀመረ። መዝጊያው ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ40 ላይ አለቀ፤ ኃላፊው ሻይ አምጥተው ሰጡኝ፤ እኔ ግን ሻዩን ይዤ ነጭ ሰሌዳው ላይ ቁጥር ማካፈል ጀመርሁ።

ያደግሁት መስኖ ባለበት አገር ነው። እኛ ጋር ውሃው በተራ ነው። የውሃ አባት የሚባል ሰው አለ፤ ለእያንዳንዱ ገበሬ የውሃ ሰዓቱን ይሰፍርለታል። ጎረቤት ማሳው ረክቶ ውሃውን ካልፈለገው ያንተ ነው፣ ትጠልፈዋለህ። በክረምት መውጫ ሁሉም ሲጠግብ እንደልብህ ታጠጣለህ፤ ተራህን እንኳ ትረሳዋለህ። ድርቅ በሆነ ሳምንት ግን ሁሉም በአንድ ቀን ይፈልጋል፤ ያኔ ያለህ የውሃ አባቱ የሰፈረልህ ብቻ ነው። ሌላም የገበሬ ልጅ ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ፦ ያችኑ የአንድ ሰዓት ውሃ በአንድ ቦይ ብትለቃት እስከ ማሳው ጫፍ ትደርሳለች። በአሥራ ስድስት ቦይ ብትከፋፍላት ግን አፈሩ እየጠጣ መሐል መንገድ ላይ ያስቀራታል።

ያደረግሁት ይህንኑ ነበር። ፓወር ላይ ሃይፐርቫይዘሩ ጊዜን በ10 ሚሊሰከንድ ይቆርጣል። 1.0 ድርሻ ማለት በእያንዳንዱ 10 ሚሊሰከንድ ውስጥ የአንድ ኮር ሙሉ ጊዜ ማለት ነው። 2.0 ድርሻ ያለው ፓርቲሽን 12 ቨርቹዋል ፕሮሰሰር ሲኖረው፣ ድርሻው ለእያንዳንዱ ሲከፋፈል 0.17 ገደማ ይሆናል፤ ከ10ሩ ሚሊሰከንድ 1.7 ብቻ። እኔ ወደ 16 ሳሳድገው 1.25 ሚሊሰከንድ ሆነ። ውሃ አልጨመርሁም፤ ቦይ ነው የቆፈርሁት። በፓወር 7 ላይ ለአንድ ቨርቹዋል ፕሮሰሰር የሚፈቀደው ዝቅተኛ ድርሻ 0.1 ስለሆነ (ከፓወር 7 ፕላስ ወዲህ 0.05 ነው) መቆጣጠሪያው ምንም ሳይከለክለኝ ተቀበለኝ። የሚፈቀድ ሁሉ የሚበጅ መስሎኝ ነበር።

ጉዳቱ የሚመጣው እንዲህ ነው። ቨርቹዋል ፕሮሰሰሩ የተሰፈረችለትን ጊዜ ጨርሶ ከኮሩ ይወርዳል፤ ሌላ ፓርቲሽን ይወጣበታል። ተራው ደርሶ ሲመለስ በካሽ (ኮሩ አጠገብ ባለችው ትንሽና ፈጣን ማከማቻ) ውስጥ የተወው ዳታ በሌላው ተተክቷል፤ እንደገና ከሜሞሪ ማምጣት አለበት። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ቁልፍ ይዞ መውረዱ ነው። ዳታቤዝ ውስጥ አንድ ሂደት የሰንጠረዥን ቁልፍ ይዞ ሳለ ቨርቹዋል ፕሮሰሰሩ ከወረደ፣ ያን ቁልፍ የሚጠብቁት ሁሉ ቁጭ ብለው ይጠብቁታል። በዚያ ላይ የቀን መዝጊያ ሁሉም ደረጃው በትይዩ የሚሮጥ ሥራ አይደለም። አንዱ ካላለቀ ሌላው የማይጀምርባቸው፣ በአንድ ሂደት ብቻ የሚሠሩ ደረጃዎች አሉት፤ ለእነዚህ 16 ቦይ ምንም አይጠቅምም። የሚጠቅማቸው የያዙት አንድ ቦይ ሙሉ ውሃ ሲኖረው ነው።

ብድሩስ? ሌሎች ያልተጠቀሙበት ትርፍ ኮር የሚከፋፈለው በክብደት ነው። ክብደት ከ0 እስከ 255 ይሰጣል፤ ሳይነኩት ከተዉት 128 ነው። ሰባቱም ፓርቲሽኖቻችን 128 ነበሩ። እንግዲህ በዚያ ሌሊት የአገሪቱ ደንበኞች ሒሳብ የሚዘጋበት ዳታቤዝና አንድ ባለሙያ የወለድ ስሌት የሚሞክርበት ፓርቲሽን በትርፉ ላይ እኩል መብት ነበራቸው። ሃይፐርቫይዘሩ አላዳላም፤ የነገርነውን ፈጸመ። የሪፖርቱ ፓርቲሽንም በዚያው ሰዓት የዓመቱን መግለጫ ያወጣ ነበር። ሦስት ሆነው ትርፉን ተካፈሉት።

በማግሥቱ አለቃዬ «ታዲያ አሁን ስንት እንስጠው?» አሉኝ። እንደለመድሁት ግምት ልወረውር አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። አንድ ወር ስጡኝ አልኋቸው። ጠባብ መፍትሔ ብቻ አድርገን፣ ማለትም የሙከራውን ክብደት ዝቅ አድርገን፣ መለካት ጀመርሁ።

ልኬቱ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ኤአይኤክስ ውስጥ «ኤንሞን» የሚባል መለኪያ አብሮ ይመጣል፤ በየደቂቃው እንዲመዘግብ አድርጌ ለ35 ቀን ተውሁት። 30 ቀን ሳይሆን 35፣ የደሞዝ ሳምንትና የወር መዝጊያ ሁለቱም በሙሉ እንዲገቡ። የተመዘገበውን ስመለከት በመጀመሪያ የጣልሁት የ24 ሰዓት አማካዩን ነው። 2.9 ይል ነበር። በ2.9 ብሠራ ኖሮ ደግሞ ያው ሰኔ ይደገማል። የጣልሁት ሁለተኛው ነገር ቅጽበታዊ ጫፉን ነው፤ አንዳንድ ደቂቃ 9 ኮር ይነካ ነበር፣ ግን ለአንድ ደቂቃ ብሎ 9 ኮር ማሰር ለሠርግ ቀን ብሎ የመቶ ሰው ቤት መሥራት ነው። የፈለግሁት ረዘም ላለ ጊዜ ሳይወርድ የቆየውን ነው። ደሞዝ በሚወጣበት ሳምንት ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት 6 ገደማ፤ በወር መዝጊያ ሌሊት ለሁለት ሰዓት ያህል 5.6። ድርሻው ከዚህ መነሣት አለበት ብዬ ወሰንሁ፦ 6.0። ቨርቹዋል ፕሮሰሰሩ ደግሞ አልፎ አልፎ ለሚመጣው ጫፍ በር እንዲከፍት 8። ስድስቱ ለስምንት ሲካፈል 0.75፤ ከ10 ሚሊሰከንድ 7.5 ማለት ነው። የእኔ ልማድ ከዚያ ወዲህ፣ ለምርት ፓርቲሽን ቨርቹዋል ፕሮሰሰሩ ከድርሻው ከአንድ ተኩል እጥፍ እንዳይበልጥ ነው። ለሙከራ ግን ግድ የለኝም፣ ይጥበቡ።

እንግዲህ ለዳታቤዙ 6.0 ከየት ይመጣል? ከታናናሾቹ። አፕሊኬሽኖቹ 2.0፣ ሪፖርቱ 1.5፣ ሙከራው 0.5 ሆኑ። ከቪአይኦዎቹ ጋር 13፤ ሦስት ኮር ቋት ውስጥ ያለ ባለቤት ተረፈ። የዳታቤዙን ክብደት 200፣ የሙከራውን 10 አደረግሁ። የሙከራው ክፍል ሰዎች ቅር ተሰኙ፤ ቀን ላይ ማሽኑ ሥራ ሲፈታ ግን እየተበደሩ እስከ ሁለት ሙሉ ኮር ይደርሳሉ፣ ቨርቹዋል ፕሮሰሰራቸውን 2 አድርጌዋለሁና። ቪአይኦዎቹን ግን አልነካኋቸውም፤ ሁሉም ዲስክና ኔትወርክ በእነሱ በኩል ያልፋል፣ እነሱ ከታነቁ ሁሉም ይታነቃል። እንዲያውም ክብደታቸውን ከሁሉም በላይ አደረግሁት።

አንድ አስገራሚ ነገር አየሁ። ከ16 ወደ 8 ቨርቹዋል ፕሮሰሰር ስወርድ፣ ለዚያው ሥራ የሚነበበው ፊዝሲ ቀነሰ። ምክንያቱ በፓወር 7 ላይ ኤአይኤክስ ሥራውን የሚበትንበት መንገድ ነው። እያንዳንዱ ኮር አራት ክር (ጎን ለጎን የሚሮጥ የሥራ መስመር) ማስኬድ ይችላል፤ ስርዓቱ ግን መጀመሪያ በተከፈቱት ቨርቹዋል ፕሮሰሰሮች ሁሉ ላይ አንድ አንድ ክር ይጭናል፤ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን ክር የሚነካው ሁሉም አንድ አንድ ክር ከያዙ በኋላ ነው። ስለዚህ ቨርቹዋል ፕሮሰሰር ሲበዛ ብዙ ኮር በየአንዳንዱ ላይ ትንሽ ሥራ ይዞ ይታያል። ሥራ ሲያንስ ትርፎቹን ያጥፋቸዋል እንጂ በጭነት ሰዓት መልሶ ይዘረጋቸዋል። ይህን ሳታውቁ የቆየ ፊዝሲ ይዛችሁ አዲስ ማሽን ካሰላችሁ የማያስፈልጋችሁን ኮር ትገዛላችሁ። ለእኛ ደግሞ ሌላ ጥቅም ነበረው፤ በውላችን መሠረት የዳታቤዙ ፈቃድ ጣሪያ ለሌለው ፓርቲሽን በቨርቹዋል ፕሮሰሰር ቁጥር ይቆጠር ነበር። ከዚያ ሌሊት አሥር ቀን በፊት በኩራት የጨመርኋቸው አራቱ ምን ያህል ዋጋ ሊያስወጡን ይችሉ እንደነበር ሳስብ አሁንም ያልበኛል።

ከመለካት አንፃር የማልረሳው ሞኝነት አለ። «ኤልፓርስታት» ላይ «አፕ» የሚባል ዓምድ አለ፤ በጋራ ቋቱ ውስጥ ስንት ኮር ነፃ እንደሆነ ያሳያል። እኛ ጋር አይታይም ነበር። ይህ ስሪት አይደግፈውም ብዬ ተውሁት። ለካ ፓርቲሽኖቹን በምናስተዳድርበት፣ ኤችኤምሲ በሚባለው መቆጣጠሪያ ላይ ለፓርቲሽኑ የአፈጻጸም መረጃ እንዲሰበሰብ የሚፈቅድ አንዲት ሳጥን አለች፤ ምልክት ካልተደረገባት ዓምዱ አይመጣም። ያቺ ሳጥን ምልክት ቢኖርባት ኖሮ ሰኔ 23 ሌሊት ቋቱ ባዶ መሆኑን በአምስት ሰከንድ አየው ነበር። ይህን ስታነቡ በየፓርቲሽኑ ሄዳችሁ ተመልከቱ።

የሜሞሪው ነገር ሌላ ጉድ ነው።

በዚያው ሐምሌ ውስጥ አለቃዬ ሌላ ነገር ይዘው መጡ። «ኮሩን አስተካከልህ፤ ሜሞሪው ግን አልቋል፤ ግዢ እንጠይቅ» አሉ። የመከታተያው ሰሌዳ የዳታቤዙን ሜሞሪ 99 በመቶ፣ በቀይ ያሳያል። 96 ጊጋባይት ተሰጥቶት ሳለ ነፃ ገጽ የቀረው 12 ሺህ ገደማ ነው፤ ገጹ 4 ኪሎባይት ስለሆነ 50 ሜጋባይት የማይሞላ። 32 ጊጋባይት እንዲጨመር ደብዳቤ ተጽፎ የውጭ ምንዛሪ ወረፋ ውስጥ ገባ። የዚህን አገር የያኔውን የምንዛሪ ወረፋ የሚያውቅ ሰው፣ ደብዳቤ ጽፎ መጠበቅ ምን እንደሆነ አይነገረውም።

እኔ በዚህ ጊዜ ቁጥር ሳላካፍል ላለመናገር ተምሬአለሁ። «ቪኤምስታት» ከፈትሁ። ነፃ ገጽ የሚለውን ዓምድ ረስታችሁ «ኤቪኤም» የሚለውን ተመልከቱ፤ ፕሮግራሞቹ ራሳቸው በእርግጥ የያዙት ገጽ ነው። የዳታቤዙ 15.7 ሚሊዮን ነበር፤ በ4 ኪሎባይት ሲባዛ 60 ጊጋባይት። የቀረው 36 ምን ነው? የፋይል ካሽ ነው። ኤአይኤክስ ባዶ ሜሞሪ ማየት አይወድም፤ ያነበበውን ፋይል ሁሉ «ምናልባት ይፈለጋል» ብሎ ያስቀምጣል። የመጠባበቂያ ቅጂ በየሌሊቱ ሲነበብ ሜሞሪው ይሞላል፤ ፕሮግራም ሲጠይቅ ይለቅለታል። እናቴ ጓዳዋን ባዶ እንደማትተወው ነው፤ እንግዳ ሲመጣ ቦታ ታገኝለታለች። ችግር መኖሩን የሚነግሯችሁ «ፒአይ» እና «ፒኦ» የሚባሉት ዓምዶች ናቸው፤ ሜሞሪ ሲጠብ ወደ ዲስክ የሚወጣና ከዚያ የሚመለስ ገጽ። የዳታቤዙ ሁለቱም ዜሮ ነበሩ፤ 35ቱን ቀን ሙሉ። 99 በመቶ ብሎ በቀይ የሚጮኸው ፓርቲሽን ጠግቦ የተኛ ነበር።

በአንጻሩ ማንም ያላየው አፕሊኬሽን ፓርቲሽን ነበር የታመመው። 24 ጊጋባይት ተሰጥቶታል፤ ኤቪኤሙ 7.1 ሚሊዮን፣ ማለትም 27 ጊጋባይት ነው። ሦስት ጊጋባይት ከሌለው ላይ ይዟል። ፒአይ እና ፒኦ ረፋድ ላይ ይዘላሉ። የሚሮጥበት ደግሞ ጃቫ ነው፤ ጃቫ ቆሻሻውን ሲጠርግ የያዘውን ሜሞሪ ዳር እስከ ዳር ይነካል፤ ከዚያ ውስጥ ጥቂቱ እንኳ ዲስክ ላይ ከሆነ ገንዘብ ከፋዮቹ ስክሪናቸው ለሰከንዶች ይደርቃል። «ሲስተም ሄደ» የሚባለው ነገር፣ ቢያንስ በእኛ ቤት፣ ብዙ ጊዜ ይህ ነበር።

ስለዚህ ከዳታቤዙ 16 ጊጋባይት ወስደን ለሁለቱ አፕሊኬሽኖች ስምንት ስምንት ሰጠናቸው፤ ዳታቤዙ 80፣ እነሱ 32 ሆኑ። ከፍተኛው ኤቪኤም ላይ 20 በመቶ መጨመር የእኔ መነሻ ነው፤ ለዳታቤዙ ትንሽ አበዛሁለት፣ ለመጠባበቂያው ቅጂ ካሽ ይተርፈው ብዬ። አንዲት ሳንቲም አልወጣም።

ግን ገና አላለቀም። ማሽኑ 256 ጊጋባይት አለው። ለሰባቱ ፓርቲሽኖች የተሰጠው ተደምሮ 208 ነው። ኤችኤምሲው ላይ ግን የቀረውን ነፃ ሜሞሪ ስፈልግ በጣም ትንሽ ነው የማየው። 40 ጊጋባይት የሚጠጋ የት ሄደ? ለአንድ ሳምንት ያህል ሲያናድደኝ ከርሞ፣ የፓርቲሽኖቹን ፕሮፋይል (ሲነሡ ምን ያህል እንደሚሰጣቸው የተጻፈበትን ቅንብር) አንድ በአንድ ስከፍት አብዛኛውን አገኘሁት። ፕሮፋይል ሦስት ቁጥር ይጠይቃል፦ ዝቅተኛ፣ የሚፈለግ፣ ከፍተኛ። በሰባቱም ላይ ከፍተኛው 256 ተብሏል። መጀመሪያ የጫነው ሰው «ለማንኛውም» ብሎ አንዱን ሞልቶ ለሁሉም ገልብጦታል።

ያ «ለማንኛውም» ነፃ አይደለም። ሃይፐርቫይዘሩ ለእያንዳንዱ ፓርቲሽን፣ የትኛው ገጽ የት እንዳለ የሚመዘገብበት የገጽ ሠንጠረዥ ያዘጋጃል፤ መጠኑን የሚያሰላው ከከፍተኛው ነው፣ አሁን ከተሰጠው አይደለም። በእኛ ማሽን 1 ለ 64 ነበር። 256 ለ64 ሲካፈል 4 ጊጋባይት፤ በሰባት ሲባዛ 28። አራት ጊጋባይት ብቻ የሚጠቀመው ቪአይኦ ሰርቨር ሌላ አራት ጊጋባይት ለሠንጠረዥ ታስሮለታል። ባለ ሁለት ክፍል ቤት እየኖረ ለሃያ ክፍል የጣሪያ ቆርቆሮ ገዝቶ ግቢ ውስጥ ያጠራቀመ ሰው አስቡ።

ከፍተኛውን ለዳታቤዙ 128፣ ለአፕሊኬሽኖቹና ለሪፖርቱ 48፣ ለሙከራው 32፣ ለቪአይኦዎቹ 8 አደረግሁት። ሠንጠረዡ በሁለት እጥፍ እያደገ ስለሚሰፈር 48ቱ እያንዳንዳቸው 1 ጊጋባይት ይወስዳሉ። ሁሉም ሲደመር 6 አይሞላም። ከ20 ጊጋባይት በላይ፣ በወረፋ ከምንጠብቀው ሁለት ሦስተኛ የሚሆነው፣ ማሽኑ ውስጥ ተቀብሮ ነበር ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ እኔ አንድ እሑድ አባክኜበታለሁ። ድርሻንና የሚፈለገውን ሜሞሪ ፓርቲሽኑ እየሠራ መቀየር ይቻላል። ከፍተኛውንና ዝቅተኛውን ግን አይቻልም። ፕሮፋይሉን አስተካክዬ ከውስጥ ዳግም አስነሣሁት፤ ተመልሶ ሲመጣ ቁጥሩ ያው 256 ነው። ደገምሁት፤ ያው። ከውስጥ ዳግም ማስነሣት ፕሮፋይሉን እንደገና አያነብም። ፓርቲሽኑን ሙሉ በሙሉ ዘግታችሁ፣ ከኤችኤምሲው ላይ ፕሮፋይሉን መርጣችሁ ማስነሣት አለባችሁ። ከዚያ በፊት ደግሞ በሥራ ላይ እያለ የቀየራችሁትን ድርሻ በፕሮፋይሉ ላይም ጻፉት፤ አለዚያ ሲነሣ የድሮውን ይዞ ይነሣል። ይህንንም አድርጌዋለሁ፤ ዳታቤዙ ሰኞ ጠዋት በ2.0 ተነሣ። ረፋድ ላይ ነው የያዝሁት። ለማን እንደነገርሁ አልናገርም።

ዝቅተኛውንም አትናቁት። አንድ ፕሮሰሰር ተበላሽቶ ማሽኑ በጎደለ አቅም ቢነሣ፣ ዝቅተኛውን ያላገኘ ፓርቲሽን ጨርሶ አይነሣም። ለዳታቤዙ 2.0 አድርጌዋለሁ፤ ቀስ ብሎም ቢሆን መነሣቱ ይሻላል።

ይህን ሁሉ ካዘዋወርን በኋላ ፕሮሰሰሩና ሜሞሪው የት እንደተቀመጡ በሚያሳየው «ኤልኤስኤስራድ» በሚባለው ትእዛዝ ሳይ አንዱ አፕሊኬሽን ፕሮሰሰሩ በአንዱ ሶኬት (የፕሮሰሰር ቺፕ መቀመጫ)፣ አብዛኛው ሜሞሪው በሌላው ሆኖ አገኘሁት። በሥራ ላይ እያሉ ሜሞሪ መንቀልና መትከል ይህን ያመጣል፤ እያንዳንዱ ንባብ ጎረቤት ሶኬት ድረስ ይሄዳል። ማሽኑን በሙሉ አጥፍተን ትልቁን ፓርቲሽን ቀድመን በማስነሣት አስተካከልነው። አዳዲሶቹ ማሽኖች ላይ ይህን ሳያጠፉ የሚያስተካክል መሣሪያ አለ፤ እኛ ያኔ አልነበረንም።

ከዓመታት በኋላ ወደ ፓወር 9 ስንሸጋገር ሻጩ «16 ኮር ስለነበራችሁ 16 ኮር» የሚል ሐሳብ አቀረበ። ኮር ከኮር ጋር አይነጻጸርም። አይቢኤም ለኤአይኤክስ ማሽኖች የሚያወጣው «አርፐርፍ» የሚባል የንጽጽር ቁጥር አለ፤ የአሮጌውንና የአዲሱን ማሽን ቁጥር በየኮራቸው አካፍዬ፣ የለካሁትን ቆይታ ያለውን ፊዝሲ በዚያ አባዝቼ ከሚባለው በጣም ባነሰ ኮር ገባን። አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ ግን፦ ያ ቁጥር የሚለካው ሁሉም ክሮች ሞልተው ሲሠሩ ያለውን አጠቃላይ ምርት ነው። ፓወር 9 በአንድ ኮር ስምንት ክር ማስኬድ ይችላል። በአንድ ሂደት ብቻ የሚሮጡት የመዝጊያ ደረጃዎች ግን ይህን ያህል እጥፍ አይፈጥኑም፤ ስለዚህ ለእነሱ ቁጥሩን ሳላምን የአንድ ሌሊት መዝጊያ በአዲሱ ማሽን ላይ አስሩጬ በሰዓት ለካሁት።

የ2009 ዓ.ም. ሰኔ መዝጊያ በዚያው በአሮጌው ማሽን ላይ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተጀምሮ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከ20 ላይ አለቀ። ኃላፊው በዚያ ሌሊትም መጡ፤ «ልጄ፣ እንዴት ሆነልህ?» ብለው ሲገቡ ካፖርቴን እያወለቅሁ ነበር። የ32 ጊጋባይቱ ግዢ ፈቃድ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ አለቃዬ ደብዳቤውን ይዘው ወደ ጠረጴዛዬ መጡና «አሁን ይህን ምን ብዬ ልመልሰው?» አሉኝ።